ቦሌ ወይስ ማናሳስ? የእህቴ ልጅ ፓይለት የሆነበት መንገድ

የእህቴ ልጅ ሁለት ወረቀት ይዞ ቤቴ የመጣው በ2024 ዲሴምበር ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ስንኖር ለምደነዋል።) ሁለቱም የሥራ ጥሪ ናቸው። ሁለቱም ከአሜሪካ ትንንሽ አየር መንገዶች የመጡ ናቸው፤ እዚህ ‹‹ሪጅናል›› ይሏቸዋል። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸውና ‹‹ጋሼ፣ የቱን ልፈርም?›› አለኝ።

እኔ ኡበር ነጂ ነኝ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጭራ ያለው አውሮፕላን ሲያርፍ አንገቴን አስግጌ ከማየት ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። ግን ያችን ጥያቄ ከልጁ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠይቃት ኖሬያለሁ። መልኳን ብቻ ነው የምትቀያይረው። መጀመሪያ ‹‹የት ልማር?›› ነበረች። ቀጥሎ ‹‹በምን ገንዘብ?›› ሆነች። አሁን ደግሞ ‹‹ለማን ልፈርም?››

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጅ ይደውልልኛል። ሁሉም መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃሉ። እኔም ያኔ የጠየቅሁት ዋጋ ነበር። አሁን እኔው ቀድሜ እጠይቃቸዋለሁ፤ ልጁ የያዘው ወረቀት ምንድን ነው? የትኛው አገር ሠርቶ እንዲበላ ይፈቅድለታል? ትምህርት ቤቱ ወይም ኩባንያው ነገ ቢዘጋ እጁ ላይ ምን ይቀራል? እነዚህን ያወቅኩት ተምሬ ሳይሆን ተቃጥዬ ነው። የልጁን ስም፣ የትምህርት ቤቶቹንና የጠሩትን ኩባንያዎች ስም አልጠራም። ሌላው እንደሆነው ነው።

ልቡ ቦሌ የቀረ ልጅ

እህቴ ዲቪ ደርሷት በ2018 መጀመሪያ ስትመጣ ልጇ 19 ዓመቱ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ገቡ። ልጁ ያደገው ገርጂ ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የድስት ክዳን የሚንቀጠቀጥበት ሰፈር። እዚህ መጥቶም ማታ ማታ ከሰፈሩ ጓደኛው ጋር በስልክ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሰልጣኝ አብራሪ ማስታወቂያ መቼ ይወጣል?

እውነቱን ለመናገር የቦሌው መንገድ በወረቀት ላይ የሚያስቀና ነው። አየር መንገዱ በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር ሆኖ ሲመሠረት አብራሪዎቹ ፈረንጆች ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አዛዥ ሆነው የበረሩት በ1957 ነው። የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። እንግዲህ ኩባንያው ሰውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ ይቀጥራል። ሰልጣኙ ቦሌ ላይ በትንሿ ሴስና ይጀምራል። ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ቀጭኑ አየር ሞተሩንም ክንፉንም ያደክማል፤ እዚያ የተማረ ልጅ ሌላ ቦታ ሲሄድ አውሮፕላኗ ክንፍ ያወጣችለት ይመስለዋል ይላሉ። ሲጨርስ ሁለት መቶ ምናምን ሰዓት ይዞ፣ የአገር ውስጥ በረራ በሚሠራው ኪው 400 በሚባለው አውሮፕላን ቀኝ ወንበር ላይ ረዳት አብራሪ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ቦይንግ 737፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ። በምትኩ የአገልግሎት ውል ይፈርማል፤ ዋስ ይጠራል።

እህቴ በነፃ መሆኑን ስትሰማ ‹‹ይሂድ በቃ›› አለች። እኔም ‹‹ይሂድ›› አልኩ። እናታችን ከአዲስ አበባ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው።

ያቆመን አንድ ጡረታ የወጣ ካፒቴን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ እድሜውን ሙሉ ለኢትዮጵያ የበረረ ሰው ነው፤ የማውቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁን ይዤለት ስሄድ ‹‹ቦሌ ሂድ፣ ቤትህ ነው›› ይላል ብዬ ነበር። ቡናውን ቀመሰና ‹‹ግሪን ካርድህን ምን ልታደርገው ነው?›› አለው።

ልጁም እኔም ዝም አልን። አስበነው አናውቅም።

ካፒቴኑ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳን። ሥልጠናው ሁለት ዓመት ገደማ ይበላል። ከዚያ የውሉ ዓመታት አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ውጭ ከቆየ ካርዱ አደጋ ላይ ነው። ልዩ ፈቃዱ ራሱ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው። ለዜግነት የሚቆጠሩት አምስት ዓመታትም ይቋረጣሉ። ‹‹የአሜሪካ ዜግነት ወስጄ ልመለስ ብትል ደግሞ ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ይዘህ ትመጣለህ፤ ያኔ ሌላ ሰው ነህ። አንተ ከዚህ መሄድ ቀላል ነው። ከባዱ መመለሱ ነው።››

ከዚያ ያልጠበቅነውን ጨመረ። ‹‹ግሪን ካርድ ባይኖርህ አሁን ራሴ ነበርኩ ሻንጣህን የምሸክፍልህ።››

ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝን ‹‹ልጄን አሜሪካ ልኬ ላስተምረው›› ባዮች የማልደግፈው። በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ተምሮ ላይሰንስ ይይዛል፤ ሠርቶ ሰዓት የሚሞላበት ጊዜ ግን ጥቂት ወራት ወይም ቢበዛ ዓመት ገደማ ነው። በ250 ሰዓት ቆሞ፣ ወላጆቹ ቤት ሸጠውለት፣ ወደ አገሩ የአሜሪካ ወረቀት ይዞ ይመለሳል። እዚያ ደግሞ ወረቀቱን ለማስቀየር እንደገና ይፈተናል። ቦሌ የተመረጠ ጓደኛው ያኔ እየበረረ ነው።

361 ሰዓት

ነገሩ ገና ሳይቆረጥ መጋቢት 1 መጣ። በፈረንጁ ማርች 10 ቀን 2019። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። 157 ሰው። ያን ሳምንት የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ በሙሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

ቀጥሎ የመጣው ወሬ ልጁን ይበልጥ ጎዳው። ረዳት አብራሪው በጠቅላላ የበረረው 361 ሰዓት መሆኑ ታወቀ። እዚህ አንዳንድ ፖለቲከኛና ባለሙያ ነኝ ባይ ‹‹አሜሪካ የተማረ ፓይለት ቢሆን ያድናት ነበር›› ማለት ጀመረ። የአሜሪካ ሕግ ለመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ 1,500 ሰዓት ይጠይቃልና እነሱ የያዙት ይህችን ቁጥር ነበር። አውሮፕላኑ በአንዲት የተበላሸች ዳሳሽ እየተመራ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት እንደሚደፋ፣ ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው በዚሁ ምክንያት እንዳለቀ ዓለም ሁሉ ሲያውቅ ወሬው ቀዘቀዘ። ልጁ ውስጥ ግን ሳይቀዘቅዝ ቀረ።

ካፒቴኑ ያን ጊዜ የነገረን ከልቤ አይጠፋም። የ1,500 ሰዓቱ ሕግ የመጣው በአንድ አደጋ ምክንያት ነው፤ በ2009 ፌብሩዋሪ ኮልጋን የሚባል ሪጅናል አየር መንገድ አውሮፕላን ኒውዮርክ ስቴት፣ ባፋሎ ከተማ ሊያርፍ ሲል ወድቆ 50 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነበር፤ ኢትዮጵያ ለአገር ውስጥ የምትጠቀምበት ያው ዓይነት። የሟች ቤተሰቦች ታግለው ኮንግረሱ ሕጉን አወጣ፤ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። ግን ሁለቱም የኮልጋን አብራሪዎች ከ1,500 በላይ ነበራቸው። የአውሮፕላኑ ካፒቴን ከ3,300 በላይ፣ ረዳቷ ከ2,200 በላይ።

‹‹ታዲያ ሰዓቱ ምን ይጠቅማል?›› አለ ልጁ።

‹‹ይጠቅማል። ግን የት የሞላኸው ሰዓት? ያን ሌሊት እንቅልፍ ነበረህ ወይ? ረዳቷ ሌሊቱን በአውሮፕላን ስትጓዝ አድራ ነው ሥራ የገባችው። ቤቷ ሲያትል ነበር፣ ቤዟ፣ ማለትም ሥራ የምትጀምርበት ኤርፖርት፣ ኒውዋርክ።››

ያኔ ይቺን እንደ ወግ ነው የሰማናት። ከስድስት ዓመት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ሲዘረጉ ተመልሳ መጣች።

ስድስት ደቂቃ በ24 ዶላር

እንግዲህ አሜሪካ ተወሰነ። ካፒቴኑ አንድ ሳንቲም ከማውጣታችን በፊት የአንደኛ ደረጃ ሜዲካሉን እንዲያወጣ አዘዘው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ። አለፈ። ወላጆች ሆይ፣ ይህን መጀመሪያ አድርጉ፤ የሚፈጀው ግማሽ ቀን ነው።

በ2019 በጋ እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው ማናሳስ ኤርፖርት ይዤው ሄድኩ። ዜጋ ስላልሆነ ከመጀመሪያዋ የላይሰንስ ትምህርት በፊት ለመንግሥት የጣት አሻራ ሰጥቶ፣ 130 ዶላር ከፍሎ፣ ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ የመጣ ደንብ ነው። ግሪን ካርድም አያስመልጥም። ያኔ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ለሚያስችለው ፈቃድ፣ ለኢንስትሩመንት፣ እንደገና፤ ለሁለት ሞተር እንደገና። ሦስት ጊዜ።

የመጀመሪያዋን ቀን አስታውሳለሁ። አስተማሪዋ ከእኔ ልጅ የማትበልጥ ሴት ናት። ከክንፉ ሥር ትንሽ ብርጭቆ መሰል ነገር ሰክታ ነዳጅ ቀዳችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ነዳጁ ሰማያዊ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይመስላል። ‹‹ውሃ ካለው ከታች ይተኛል›› አለችው። ልጁ ብርጭቆዋን ተቀብሎ ያየበት አስተያየት! እኔ ቁርባን የሚቀበል መሰለኝ።

ከዚያ ሆብስን ተዋወቅን። ሆብስ መሣሪያ ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ ቆጣሪ ናት። ሞተር ከተነሳ ጀምሮ ሰዓትን በአሥር ከፍላ ትቆጥራለች። አውሮፕላኗ በሰዓት 175፣ አስተማሪዋ 65፤ አንድ ላይ 240 ዶላር። ስለዚህ ሆብስ አንዲት ቁጥር ባለፈች ቁጥር፣ ማለትም በየስድስት ደቂቃው፣ 24 ዶላር ሄደ። ያውም ስትበር ብቻ አይደለም፤ መሬት ላይ ተራ ስትጠብቅም ትቆጥራለች። ማናሳስ ደግሞ ዋሽንግተንን የከበበው 30 ማይል ልዩ የአየር ክልል ውስጥ ነው። የበረራ ዕቅድ አስገብተህ፣ የራስህ መለያ ቁጥር ተሰጥቶህ ነው የምትወጣው። መለያው ሲዘገይ ሆብስ አትዘገይም። እኔ ከደለስ አሌክሳንድሪያ ሰው አድርሼ የማገኛት ገንዘብ፣ እሱ ከማኮብኮቢያው ሳይነሳ ታልቃለች።

ትልቁ ስህተታችን እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት የበረራ ትምህርት ቤት አለ፤ በደንቡ ክፍል 61 እና ክፍል 141 ይባላሉ። በ61 እንደኪስህ፣ እንደጊዜህ ትማራለህ። በ141 ሥርዓተ ትምህርቱ በመንግሥት የጸደቀ ነው፤ ጥብቅ ነው። ለንግድ ላይሰንስ ዝቅተኛው በ61 ቤት 250 ሰዓት፣ በ141 ቤት 190። እኛ ስናሰላ 61 ረከሰን። ልጁ ቀን ኮሌጅ፣ ማታ ሆቴል ይሠራል፤ ገንዘብ ሲገኝ ይበራል። ጥሩ መሰለን።

ያላየነው ሌላኛው ጫፍ ነው። በዚሁ ሕግ የአቪዬሽን ዲግሪ ከተፈቀደለት ኮሌጅ የያዘና በረራውንም በ141 የተማረ ልጅ በ1,500 ፋንታ በ1,000 ሰዓት አየር መንገድ መግባት ይችላል። በሁለት ዓመት ዲፕሎማ ደግሞ በ1,250። ልጃችን ኮሌጅ ነበር! የሚማረው ግን አካውንቲንግ ነው። ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን። በሰዓት ጥቂት ዶላር አተረፍን ብለን አምስት መቶ ሰዓት ከፈልን። በኋላ እንደሚታየው፣ እነዚያ ሰዓቶች ዋጋቸው ዶላር ብቻ አልነበረም።

ገንዘብ የዋጠው ቤት

2020 ማርች ሁሉም ነገር ተዘጋ። በዚያ ሰሞን ሦስት ሪጅናሎች ሥራ አቆሙ፤ ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ በኤፕሪል፣ ኤክስፕረስ ጄት በሴፕቴምበር መጨረሻ። ልጁ የግል አብራሪ ላይሰንሱን በዚያው መኸር ያዘ። 78 ሰዓት ፈጀበት፤ የ61 ዝቅተኛው 40 ነው፤ በ40 የጨረሰ ግን በዓይኔ አላየሁም። ዓለም ፓይለት እያባረረች እሱ ፓይለት ሆነ። እህቴ ኬክ ቆረሰች፤ ‹‹በዚህስ ምን ይሠራል?›› ብላ የጠየቀችኝ እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

በ2021 ሥራው መነቃቃት ሲጀምር ማስታወቂያው ጎረፈ። ‹‹ከዜሮ እስከ አየር መንገድ፣ ዓመት በማይሞላ።›› ዋጋው ወደ መቶ ሺህ ዶላር፣ በብድር። ካፒቴኑ አልወደደውም። እኛም አማካዩን መረጥን፦ ኢንስትሩመንቱንና የንግድ ላይሰንሱን በሌላ ትምህርት ቤት፣ ‹‹12 ሺህ ዶላር ቀድሞ ለሚያስገባ የሰዓት ቅናሽ አለ›› የሚል። እኔ ፈርሜ ተበደርኩ።

አምስት ወር ሠራ። ከዚያ አንዷ አውሮፕላን ጥገና ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ከዚያ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። አንድ ቀን አብረን ብንሄድ በሩ ላይ የአከራይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። 4,300 ዶላር እዚያው ቀረ። ልጁ በመስኮት ወደ ውስጥ እያየ ‹‹ሄድሴቴ ውስጥ ነው›› አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። በ2008 ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የሚባል ትልቅ ትምህርት ቤት በአንድ ጀምበር ሲዘጋ ከሁለት ሺህ በላይ ተማሪዎች በየቤታቸው ብድር ተሸክመው ቀርተዋል፤ አንዳንዱ ወደ 70 ሺህ ዶላር። አውሮፓም እንዲሁ ነው። ኤምፒኤል የሚባል ላይሰንስ አለ፤ ሰልጣኙ ከመጀመሪያው ለአንድ አየር መንገድ ተብሎ፣ አብዛኛውን በሲሙሌተር የሚማረው። ከመጀመሪያዎቹ ኮርሶች አንዱ ዴንማርክ ውስጥ ለስተርሊንግ የተዘጋጀው ነበር። ስተርሊንግ በዚያው በ2008 ኦክቶበር ከሰረ። አሜሪካ ያን ላይሰንስ ጭራሹን አትሰጥም።

ከዚያ በኋላ ደንባችን አንድ ሆነ፤ የበረርከውን ብቻ ክፈል፣ ቢበዛ የሁለት ሳምንት ቀድመህ። ዋጋው ትንሽ ይወደዳል። ይወደድ።

በ2023 መጀመሪያ የንግድ ላይሰንሱን ያዘ፣ በጋው ላይ ኢንስትራክተር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ከነጠፋው ገንዘብ 83 ሺህ ዶላር ገደማ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሰው እያስተማረ ነው ሰዓት የሞላው፤ በወር ሰባ ምናምን። ቀን ሁሉ ያችኑ ማኮብኮቢያ መዞር፣ ተማሪ አፍንጫ ጎማውን ሲያጋጭ በእርጋታ ‹‹እንደገና›› ማለት። አሰልቺ ነው ብሎ ያስባል ሰው። እሱ ግን መብረርን በእርግጥ የተማርኩት ሳስተምር ነው ይላል። ስለ 1,500ው ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ትንሽ ይለዝባል፤ ሰዓቱን በማስተማር ለሞላ ሰው ሕጉ የሚረባ ነገር አለው።

ችግሩ ጊዜው ነው። በ2022 በጋ ፓይለት ጠፍቶ፣ የአሜሪካን ኤርላይንስ ንብረት የሆኑት ሦስቱ ሪጅናሎች ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር መክፈል ጀመሩ። ሁሉም ይቀጥር ነበር። ልጃችን 1,500 የሞላው በ2024 መጨረሻ ነው። ያኔ በሩ ወደ መዘጋቱ ነበር፤ ስፒሪት የሚባለው አየር መንገድ ኖቬምበር ላይ በኪሳራ ፍርድ ቤት ገብቶ ፓይለት ያሰናብታል። አምስት መቶዋ ሰዓት ባትኖር ኖሮ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሞልቶ ይገባ ነበር። ሲኒየሪቲ ማለት በገባህበት ቀን የሚሰጥህ ተራ ቁጥር ነው፤ ቤዝህን፣ እረፍትህን፣ ካፒቴን የምትሆንበትን ቀን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። የስድስት ወር ልዩነት በፓይለት ሕይወት ውስጥ ዕድሜ ልክ ይከተልሃል።

ሁለቱ ወረቀቶች

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። አንደኛው ኩባንያ የአንድ ትልቅ አየር መንገድ ንብረት ነው። ጊዜህን ጠብቀህ ወደ ትልቁ ትሻገራለህ የሚል ተስፋ ውሉ ላይ አለ። ቤዙ ግን ሌላ ስቴት ነው። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ነው፤ ለትልቅ አየር መንገድ በኮንትራት ይበራል። 50 ወንበር ያላቸው ያረጁ ጄቶች አሉት። ቤዙ ደለስ! ከእናቱ ቤት በመኪና ግማሽ ሰዓት። ሁለቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ከለቀቅክ የሥልጠናውን ትመልሳለህ ይላሉ።

እኔ ‹‹ደለስ›› አልኩ። ወዲያው። የኮልጋኗን ረዳት አብራሪ ታሪክ ራሴው አነሳሁ፤ ሌሊት ተጉዞ ጠዋት የሚበር ሰው አልፈልግም አልኩ።

ካፒቴኑ በስልክ ላይ ነበር። ‹‹ልክ ነህ፣ ግን ኮንትራቱ መቼ ያልቃል?›› አለ። ወረቀቱ ላይ የለም። ኤክስፕረስ ጄትን አስታወሰን። ዩናይትድ በ2020 በጋ እነዚያን ትንንሽ ጄቶች ለአንድ ድርጅት ብቻ ልስጥ ብሎ ሌላውን መረጠ፤ በሁለት ወር ውስጥ ኤክስፕረስ ጄት አለቀለት። ዩናይትድ እኮ የኤክስፕረስ ጄት ባለድርሻ ነበር! ‹‹ቅርበት ጥሩ ነው። ግን ከቤትህ ግማሽ ሰዓት የሚርቅ ኩባንያ ሲዘጋ፣ ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ ሥራ ፈት ነህ። ሲኒየሪቲህ ዜሮ።››

ሁለቱም ማመልከቻ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከአሜሪካ በነፃነት ወጥተህ መግባት ትችላለህ ወይ? ግሪን ካርዱ ለሥራው ይበቃል። ለካናዳና ለሜክሲኮም ቪዛ አያስፈልገውም። ለአንዳንድ የካሪቢያን ደሴት ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ እንደሚያስጠይቅ ያወቅነው በዚያ ሰሞን ነው።

ልጁ ሦስት ቀን አሰበ። የመጀመሪያውን፣ ቤዙ ሌላ ስቴት ያለውን፣ ፈረመ። ቅድመ ሁኔታ ግን ለራሱ አስቀመጠ፤ በሥራው ቀን ዋዜማ ሌሊት አይጓዝም፣ ከቀኑ በፊት ሄዶ ያድራል። ለዚህ ስድስት ፓይለቶች የሚጋሩት አፓርታማ ውስጥ አልጋ ተከራየ። ‹‹ክራሽ ፓድ›› ይባላል። ስሙ ደስ አይልም።

የኩባንያው ሥልጠና ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ሆነ። ሬገን ኤርፖርት ሊያርፍ የነበረ ሪጅናል ጄት ከወታደራዊ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። 67 ሰው። እህቴ የምትሠራበት ሆቴል ክሪስታል ሲቲ ነው፤ ሳይረኑን ሁሉ ሰማችው። የዚያን ሌሊት ደውላ ‹‹ወረቀቱን መመለስ ይቻላል?›› አለችኝ። ለልጁ ግን አልነገረችውም። ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ በሶና ቆሎ ከትታ ሸኘችው።

ትክክል መርጧል? አላውቅም ማለት ይቀለኛል፤ ግን አስተያየት አለኝ። እስካሁን ሪዘርቭ ነው፤ ስልኩን ታቅፎ የሰው ምትክ ይጠብቃል። ወደ ትልቁ የመሻገሪያው ወረፋም ሲፈርም ካሰበው ረዝሟል። ቢሆንም ሲፈርም ያየው ኩባንያው ቢወድቅ የሚይዘውን ነገር ነው፣ እኔ ያየሁት እናቱን። በዚህ ወንበር ላይ የእሱ ዓይን ይሻላል።

ባለፈው ሰሞን የገርጂው ጓደኛው ደለስ አረፈ። በ2019 ቦሌ የተመረጠው ልጅ ነው። ኪው 400 በርሮ፣ አሁን የ787 ረዳት አብራሪ ነው። የእኛው የዚያን ቀን እረፍት ነበረው። ሁለቱን ከኋላ ጭኜ ወደ አሌክሳንድሪያ ጥሬ ሥጋ ልጋብዛቸው ወሰድኳቸው። በመስታወት አያቸዋለሁ። ስልካቸው ላይ የበረራ መዝገባቸውን ከፍተው ያወዳድራሉ። የጓደኛው ሰዓት ከእጥፍ ይበልጣል፤ ያውም በትልቅ አውሮፕላን፣ አንድ ዶላር ሳይበደር። የእኛው ትንሽ ዝም አለ።

ጓደኛው ግን ስለ ሰዓት አይደለም የሚጠይቀው። ‹‹ደመወዝህ በእጅህ ስንት ይገባል?›› ይለዋል። ሲነግረው ያፏጫል። የእኛው በተራው ‹‹ውልህ ስንት ዓመት ቀረው?›› ይለዋል። ያኛው ጣቱን ያሳየዋል፤ ከመስታወቱ አልታየኝም።

የልጁ የዜግነት ማመልከቻ ከ2023 ጀምሮ ተሞልቶ እህቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ከኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹ቢጫ ካርድ ይዤ ብመጣ ይቀበሉኛል?›› ሲለው ሰማሁት።

‹‹እንጃ›› አለ ጓደኛው። ‹‹ጠይቄ እነግርሃለሁ።››